የፍለጋ ቃልና የጎብኚ ዋጋ፦ የአማርኛ ሆሄያት ልዩነት ለአነስተኛ የኢንተርኔት ሱቅ ያለው ትርጉም

በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ከአላፊ አግዳሚው የሚለይለት ቦታው ራሱ ነው። ወደዚያ ሰፈር ከሩቅ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው ለሠርግ፣ ለበዓል ወይም ለክርስትና የሚሆን ልብስ ፈልጎ ነው፤ ለነጋዴው የሚቀረው ሥራ ልብሱን ዘርግቶ ማሳየትና በዋጋ መስማማት ነው። ይኸው ነጋዴ ሱቁን ወደ ኢንተርኔት ሲያዛውር ከኪራይ ይገላገላል፤ ነገር ግን በኪራዩ ውስጥ ሳይታወቀው ይከፍልበት የነበረውን የመለየት አገልግሎት አብሮ ያጣል። በድረ ገጽ ላይ ሰፈር የለም። ልብስ ፈላጊውም፣ ወሬ ፈላጊውም፣ እግሩ የጣለውም በአንድ በር ይገባሉ።

ይህን የመለየት ሥራ በከፊል ተክቶ የሚሠራው ፈላጊው የሚጽፈው ቃል ነው። በስልኩ «የሐበሻ የሠርግ ቀሚስ ዋጋ» ብሎ የጻፈ ሰው ሽሮ ሜዳ ከታክሲ እንደ ወረደ ሰው ሊቆጠር ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሁለት ነጥቦችን አያይዞ ይመረምራል። አንደኛው አነስተኛ የኢንተርኔት ሱቅ የጎብኚን ዋጋ በምን ሊለካ ይገባል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው በአማርኛ የሚፈልግ ሰው አንዱን ቃል በተለያዩ ሆሄያት መጻፉ በዚያ ዋጋ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል የሚለው ነው። በስሌቶቹ ውስጥ የሚገኙት የብርና የምጣኔ አኃዞች፣ የውጭ ምንዛሪውን ሳይጨምር፣ ነገሩን ለማስረዳት የተወሰዱ ምሳሌዎች እንጂ ከገበያ የተሰበሰቡ መረጃዎች አይደሉም።

የርካሽ ጎብኚ ውድነት

አንድ የሐበሻ ቀሚስ ሱቅ በሁለት መንገድ ጎብኚ አገኘ እንበል። በመጀመሪያው መንገድ 1,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው በ1 ብር ወጪ መጡ፤ ከእነርሱ መካከል የገዛው 1 ሰው ነው። በሁለተኛው መንገድ 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው በ8 ብር ወጪ መጡ፤ 4 ሰዎች ገዙ። በጎብኚ ሲለካ ሁለተኛው መንገድ ስምንት እጥፍ ውድ ነው። በገዢ ሲለካ ግን የመጀመሪያው አንድን ገዢ በ1,000 ብር፣ ሁለተኛው በ200 ብር አስገኝቷል። ስለዚህ «አነስተኛ ወጪ» የሚለው አነጋገር ከምን አንጻር እንደ ሆነ ካልተገለጸ ትርጉም የለውም።

ሱቁ ለአንድ ጎብኚ ሊከፍል የሚችለው ጣሪያም በቀላሉ ይሰላል፤ ከአንድ ሽያጭ የሚቀረው ትርፍ በገዢዎች ድርሻ ይባዛል። ከአንድ ቀሚስ የሚቀረው 600 ብር ቢሆንና ከ100 ጎብኚዎች 2ቱ ቢገዙ ጣሪያው 12 ብር ነው። እዚህ ላይ የንግዱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሙሽራ ልብስ የገዛች ደንበኛ ለራሷ ደግማ ለመግዛት ቶሎ ላትመለስ ትችላለች፤ ይሁን እንጂ ሙሽራ ብቻዋን አትለብስም። ሚዜዎቿ፣ እናቷና አክስቶቿ አብረው ይለብሳሉ። ጣሪያውን ከአንድ ቀሚስ ትርፍ የሚያሰላ ነጋዴ፣ ከአንድ ሠርግ ትርፍ ለሚያሰላው ተወዳዳሪው ደንበኞቹን አሳልፎ ይሰጣል።

በኢትዮጵያ ሁኔታ በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የታላላቆቹ ዓለም አቀፍ መድረኮች የማስታወቂያ ዋጋ በመሠረቱ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመፍቀዱ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከላይ የተጠቀሰው የ12 ብር ጣሪያ ቀድሞ 21 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ይገዛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን 12 ሳንቲም እንኳ መግዛት አልቻለም። ልብሱን ለአዲስ አበባ ነዋሪ በብር የሚሸጥ ሱቅ የመወዳደር አቅሙ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ሱቅ ይህ ጉዳት አልደረሰበትም። ለሁለቱ ሱቆች አንድ ዓይነት የማስታወቂያ ምክር መስጠት አይቻልም።

ዋጋው ሲከብድ ቀላል የሚመስል መንገድ ይቀርባል። ለቴሌግራም ቻናል አባላትን በጅምላ መግዛት ከእነዚህ አንዱ ነው። እንዲህ ያሉ አባላት ልብስ ሊገዙ የመጡ ካለመሆናቸው በላይ የሱቁን መለኪያ ያበላሻሉ፤ አካፋዩ ቁጥር በሐሰት ሲያድግ፣ የትኛው ልብስ፣ የትኛው ጽሑፍ ገዢ እንዳመጣ ማወቅ አይቻልም። የስልክ ቁጥር ዝርዝር ገዝቶ መልእክት መበተን ደግሞ ከኪሳራም ያለፈ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚሰራጭ የማስታወቂያ መልእክትን በወንጀልነት ይመለከታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን ግላዊ መረጃ አያያዝ በሕግ ሥር አስገብቷል። ከዚህ በፊት የገዛ ደንበኛ ፈቅዶ የሰጠው ቁጥር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከእርሱ የተሻለ ዝርዝር በገንዘብ አይገኝም።

ጨረታው የሚሸልመው ማንን ነው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1994 «ሆትዋየርድ» በተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ላይ የመጀመሪያዎቹ የድረ ገጽ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ሲወጡ ክፍያው የጋዜጣን ልማድ የተከተለ ነበር፤ አስነጋሪው የሚከፍለው ማስታወቂያው ለመታየቱ ነው። ይህ አሠራር ለአነስተኛ ነጋዴ አይመችም፤ ያየው ሰው ሁሉ ፈላጊ አይደለምና። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ቢል ግሮስ በካሊፎርኒያ ያቋቋመው «ጎቱ ዶት ኮም» የተባለ የፍለጋ ሞተር ለአንድ ቃል በጨረታ ቦታ መሸጥ ሲጀምር ነው። አስነጋሪው የሚከፍለው ፈላጊው ማስታወቂያውን ሲጫን ብቻ ነበር። ድርጅቱ በኋላ ኦቨርቹር ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 በያሁ ተገዛ።

በዚያ የመጀመሪያ ጨረታ ብዙ ገንዘብ የጠራ ቀዳሚ ይሆናል፤ የጠራውንም ይከፍላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው አሠራር ሁለት ነገር ለወጠ። አንደኛ፣ የማስታወቂያው ደረጃ የተጠራው ዋጋና የጠቅታ ምጣኔው፣ ማለትም ካዩት መካከል የሚጫኑት ሰዎች ድርሻ፣ ተባዝተው በሚሰጡት ውጤት እንዲወሰን አደረገ። ሁለተኛ፣ አሸናፊው የሚከፍለው የጠራውን ሳይሆን ከበታቹ ካለው በልጦ ለመገኘት የሚበቃውን ያህል ሆነ። ኤደልማን፣ ኦስትሮቭስኪና ሽዋርዝ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ይህ ጨረታ ዊልያም ቪክሪ ከገለጸው የሁለተኛ ዋጋ ጨረታ ጋር ቢመሳሰልም አንድ እንዳልሆነ፣ እውነተኛ ፍላጎትን መጥራትም ሁልጊዜ የተሻለ ስልት እንዳልሆነ አሳይተዋል። የንድፈ ሐሳቡ ክርክር ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በማባዛቱ ውስጥ ያለው ዕድል ነው።

አንድ ትልቅ የልብስ መደብር «ቀሚስ» ለሚለው ቃል በጠቅታ 10 ብር ጠራ፤ ማስታወቂያውን ካዩት 100 ሰዎች የሚጫነው 1 ነው። አነስተኛው የሐበሻ ቀሚስ ሱቅ 4 ብር ብቻ ጠራ፤ ነገር ግን ጽሑፉ ፈላጊው ከጻፈው ቃል ጋር ስለሚገጥም ካዩት 100 ሰዎች 5ቱ ይጫኑታል። የመደብሩ ውጤት 10 ሲሆን የሱቁ 20 ነው፤ ስለዚህ ሱቁ ይቀድማል። የሚከፍለውም 10 ለ5 ተካፍሎ የሚገኘውን፣ ማለትም 2 ብር ገደማ ነው። ዛሬ የሚሠራበት ስሌት ሌሎች ብዙ መመዘኛዎች ቢጨመሩበትም ይህ መሠረቱ አልፈረሰም። ጨረታው ለፈላጊው ቃል የቀረበውን ሻጭ በቅናሽ ዋጋ ይሸልማል።

ቀርቦ ለመገኘት ግን ቃሉ ምን ፍላጎት እንደ ያዘ መለየት ያስፈልጋል። አንድሬ ብሮደር እ.ኤ.አ. በ2002 የፍለጋ ጥያቄዎችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ ዕውቀት ለማግኘት፣ አስቀድሞ ወደሚታወቅ ገጽ ለመድረስ፣ አንድ ተግባር ለመፈጸም። «የሐበሻ ቀሚስ ታሪክ» ብሎ የጻፈ ሰው ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ «የሐበሻ የሠርግ ቀሚስ ዋጋ» ያለው ግን የሠርጉን ቀን ቆርጧል። ሁለቱን በአንድ ዋጋ የሚገዛ ሱቅ ለተማሪው ጥናት ወጪ እየሸፈነ ነው።

አንድ ቃል፣ ብዙ አጻጻፍ

እስካሁን የተባለው በየትኛውም ቋንቋ ለሚነግድ ሱቅ ይሠራል። የአማርኛ ጉዳይ የሚለየው ፈላጊውና ሻጩ አንዱን ቃል በአንድ ዓይነት ሆሄ ይጽፋሉ ተብሎ ሊታሰብ ባለመቻሉ ነው። በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በሀ ቤትና በአ ቤት ደግሞ የግእዙና የራብዑ ሆሄ ስለሚመሳሰል ልዩነቱ በእጥፍ ያድጋል። መዝገበ ቃላቶቻችን እንኳ ከዕለት አጻጻፍ ጋር አይስማሙም። የደስታ ተክለ ወልድ ታላቅ ሥራ እ.ኢ.አ. በ1962 «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ተብሎ ሲታተም «ዐዲስ» በዓይኑ ዐ ነበር፤ የከተማዋ ስም ግን እስከ ዛሬ በአልፋው አ ይጻፋል።

ለሱቁ ይህ የሥርዓተ ጽሕፈት ክርክር ሳይሆን የቁጥር ጉዳይ ነው። «ሐበሻ» በመጀመሪያው ሆሄ ብቻ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊጻፍ ስለሚችል በስሌት 6 መልክ አለው። «ሠርግ» በሠ ወይም በሰ 2 መልክ አለው። «የሐበሻ የሠርግ ቀሚስ» የሚለው ሐረግ ስለዚህ 12 አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። «ባህል» 3፣ «ሀገር» ደግሞ በአ የሚጻፉትን ጨምሮ 10 ይደርሳል። እርግጥ ከእነዚህ ብዙዎቹ በተግባር አይታዩም፤ «ኃበሻ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይጠበቅም። ይሁን እንጂ «ሐበሻ»፣ «ሀበሻ» እና «ሃበሻ» ሦስቱም በየሱቁ ሰሌዳ ላይ ይነበባሉ። በስልክ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሥርወ ቃሉን ሳይሆን ለጣቱ የቀረበውን ሆሄ ይመርጣል።

በዚህ ላይ የቃሉ እርባታ ይጨመራል። «ቀሚስ»፣ «ቀሚሶች»፣ «የቀሚስ»፣ «ለቀሚስ» ለአንባቢ አንድ ነገር ናቸው፤ በክፍተት መካከል ያለውን የሆሄ ሰንሰለት ብቻ ለሚያነጻጽር ማሽን ግን አራት ናቸው። በአማርኛ የመረጃ ፍለጋ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት ወደ አንድ መልሰው ቅጥያዎችን ከግንዱ መለየትን እንደ መጀመሪያ እርምጃ የሚወስዱት ለዚህ ነው። አንድ የንግድ መድረክ ይህን ያደርግ እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ነጋዴው የምርምር ጽሑፍ መጠበቅ አያስፈልገውም። «የሐበሻ ቀሚስ» እና «የሀበሻ ቀሚስ» ብሎ ተራ በተራ ጽፎ በመጀመሪያው ገጽ የሚወጡትን ውጤቶች ማነጻጸር በቂ ነው። ዝርዝሩ ከተለያየ መድረኩ ሁለቱን እንደ ሁለት ገበያ ያያቸዋል ማለት ነው። ሙከራው በድረ ገጽ ፍለጋም፣ በቴሌግራም ቻናል ስሞች ፍለጋም፣ በቪዲዮ መድረኮችም ለየብቻው መደገም አለበት፤ በአንዱ የተገኘው ውጤት ለሌላው አይሆንም።

ልዩነቱ ከተገኘ የሚከተለው ጥያቄ ቦታውን መግዛት ወይስ መጻፍ የሚለው ነው። በጣም ጥቂት ሰዎች የሚፈልጉትን ቃል የጉግል የማስታወቂያ ሥርዓት «ዝቅተኛ የፍለጋ መጠን ያለው» ብሎ ከጨረታው ስለሚያግደው፣ አልፎ አልፎ የሚከሠቱ አጻጻፎችን በማስታወቂያ መያዝ አይቻልም። እነዚህን ለመያዝ የሚቻለው በራስ ገጽ ላይ በመጻፍ ነው፤ ወጪውም የጸሐፊው ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ፍላጎቶች ይጋጫሉ። አንዱን ቃል በአንድ ገጽ በሦስት ሆሄ የሚጽፍ ሱቅ በተማረ አንባቢ ዘንድ ግዴለሽ ይመስላል፤ ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ መስመር ደርድሮ ማስፈርም የፍለጋ ሞተሮች በማታለልነት የሚቆጥሩት ልማድ ነው። የሚያዋጣው ዋናውን ጽሑፍ በአንድ ወጥ አጻጻፍ ይዞ፣ ሌሎቹን ሰዎች በተፈጥሮ በሚጽፉበት ቦታ ማስተናገድ ነው፤ ለምሳሌ የደንበኞች አስተያየት በጻፉት ሆሄ ሳይታረም ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ጥለትም የራሱ አጭር ገጽ ሲኖረው ርእሱ ገዢዎች በብዛት በሚጠቀሙበት አጻጻፍ ይወጣል።

ከአገር ውጭ የሚኖረው ገዢ ሌላ መልክ ያመጣል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ያደገች ሙሽራ አማርኛ እየተናገረች ፊደሉን ላታነብ ትችላለች፤ የምትፈልገውን ልብስ ስም በላቲን ፊደል እንደ ሰማችው ትጽፋለች። በእስራኤል ያደገችው ደግሞ በዕብራይስጥ ትጽፈው ይሆናል። ቤተሰብ ለልብስ ገንዘብ የሚያዋጣው በአንድነት ስለ ሆነ ግን እናቲቱ በግእዝ ፊደል፣ ልጂቱ በላቲን ፊደል አንዱን ልብስ በአንድ ሳምንት ሊፈልጉ ይችላሉ። ለእነዚህ ገዢዎች የመላኪያ ዋጋና የሚወስደው ቀን በገጹ ላይ በግልጽ ካልሠፈረ ቃሉ ያመጣው ጎብኚ ሳይጠይቅ ይመለሳል። ጊዜውም ይለያል። በጥር ወር ከጥምቀት በኋላና ከትንሣኤ በኋላ የሚደረጉ ሠርጎች ልብስ ተሸምኖ፣ ተሰፍቶ፣ ባሕር ተሻግሮ መድረስ ስላለበት ፍለጋው ከሳምንታት በፊት ይጀመራል። የማስታወቂያ በጀቱን በሠርጉ ወር የሚያወጣ ሱቅ ለዘገዩት ብቻ ይሸጣል።

መቼ ማቆም እንደሚገባ

የቃላቱ ቁጥር መብዛቱ አንድ አደጋ አለው። በጀቱ በብዙ ቃላት ላይ ሲበተን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጎብኚ ጥቂት ይሆንና ነጋዴው በጥቂት ቀናት ዝምታ ተስፋ ቆርጦ ጥሩውን ቃል ይጥላል። ለዚህ በስታትስቲክስ ትምህርት የታወቀው «የሦስት ሕግ» ይረዳል፤ ከተወሰኑ ጎብኚዎች አንድም ካልገዛ፣ እውነተኛው የመግዛት ምጣኔ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ ከ3 ለጎብኚዎቹ ቁጥር ተካፍሎ ከሚገኘው አይበልጥም። 60 ጎብኚዎች መጥተው ማንም ካልገዛ ምጣኔው አሁንም እስከ 5 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ሱቁ ትርፍና ኪሳራው የሚገናኝበት ምጣኔ 2 በመቶ ከሆነ፣ ያለ ሽያጭ 150 ጎብኚ እስኪሞላ መታገሥ አለበት። በጠቅታ 8 ብር ቢከፈል ይህ ለአንድ ቃል 1,200 ብር ማለት ነው። ስለዚህ የሙከራ በጀቱ 3,600 ብር የሆነ ሱቅ በአንድ ጊዜ ከሦስት ቃላት በላይ ሊፈትን አይገባውም። የተቀሩት አጻጻፎች በጽሑፍ እንጂ በማስታወቂያ መያዝ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የትኛው ቃል ጭራሽ ሊገዛ እንደማይገባም ማስረጃ አለ። ብሌክ፣ ኖስኮና ታደሊስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት የኢቤይ ኩባንያ በራሱ ስም ላይ ያወጣ የነበረውን ማስታወቂያ ሲያቆም፣ ከማስታወቂያው ይመጡ ከነበሩት ጎብኚዎች 99.5 በመቶ ያህሉ በነፃው የፍለጋ ውጤት በኩል መምጣታቸውን አሳይተዋል። ስሙን የጻፈ ሰው ቀድሞውኑ ወደ እርሱ እየመጣ ነበር። በሌሎች ቃላት ላይ የወጣው ማስታወቂያም ውጤት ያሳየው በአዲስና አልፎ አልፎ በሚገዙ ደንበኞች ላይ ነው። ግኝቱ የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ነው፤ ወደ አነስተኛ ሱቅ ሲወሰድ ግን ሁለተኛው ክፍል ተስፋ ሰጪ ይሆናል፤ ለማይታወቅ ሱቅ ሁሉም ፈላጊ አዲስ ነውና። የራሱን ስም መግዛት ግን ለእርሱም ብክነት ነው፤ በስሙ ላይ ተወዳዳሪ ጨረታ ካልገባበት በቀር።

የቀረው ችግር በመለኪያው ላይ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ አነስተኛ ሱቆች ሽያጫቸውን የሚጨርሱት በድረ ገጹ ላይ ሳይሆን በስልክና በቴሌግራም ነው፤ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ይፈጸማል። ጎብኚውን ያመጣው ቃልና ገንዘቡን የከፈለው ሰው በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ይቀራሉ፤ የማስታወቂያው ሥርዓትም ሽያጩን አያየውም። ክላውድ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው የማስታወቂያ መጽሐፍ ያሳሰበው መፍትሔ፣ በየማስታወቂያው የተለየ ምልክት ያለው ኩፖን አድርጎ ተመልሶ የመጣውን መቁጠር ነበር። ለሽሮ ሜዳው ነጋዴ የዚህ አቻ የሚሆነው ለየገጹ የተለየ የልብስ ቁጥር መስጠት ነው። በ«ሐበሻ» ገጽ ላይ ያለው ጥለት 101፣ ያው ጥለት በ«ሀበሻ» ገጽ 201 ይባላል። ደንበኛዋ ደውላ «201 የሚለውን ቀሚስ ነበር የፈለግሁት» ስትል፣ ትእዛዙን የሚቀበለው ሠራተኛ በየትኛው ሆሄ ጽፋ እንደ መጣች ሳይጠይቃት ያውቃል፤ ቁጥሩንም ከተከፈለው ገንዘብ ጎን በደብተሩ ያሠፍራል።